ሥራ ውለው ለሚገቡ ቤተሰቦች፦ የአምስት ቀን እራት በአንድ እሁድ ቁሌት

ከሥራ ተመልሶ እራት መሥራትን የሚያከብደው ወጡ ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ምስር ክክ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል፤ ሽሮም ከዚያ አይበልጥም። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ ከዚያ በርበሬውን ማብሰል ግን ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ፣ ልጆቹን ከጎረቤት ሰብስቦ 1 ሰዓት ላይ በሩን የከፈተ ሰው ያን ጊዜ ሽንኩርት መላጥ ከጀመረ ትንሹ ልጅ እራቱን ሳይበላ ሶፋው ላይ ይተኛል።

ስለዚህ ሽንኩርቱን እሁድ እንጨርሰዋለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቀረው ማሞቅ፣ መጨመርና ማማሰል ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ሠራተኛ ለሌለበት፣ ባልም ሚስትም ሥራ ለሚውሉበት የአዲስ አበባ ቤት ነው። መጠኑ ለሁለት ትልልቅ ሰዎችና ለሦስት ልጆች የሚሆን ነው፤ የእኛ ቤት ልክ ስለሆነ። እናንተ እንደ ቤታችሁ ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

መጀመሪያ ሳምንቱን ደልድሉ

የምግብ ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የጾም ቀኖቹንና እንጀራው የሚጋገርበትን ቀን። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ይከተላል።

በአዲስ አበባ አየር እንጀራ ሦስት ቀን ያህል ደህና ይቆያል። ከዚያ በኋላ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይሻግታል። ቅዳሜ የተጋገረ እንጀራ ሰኞ ድረስ ለወጥ ያምራል፤ ማክሰኞ ግን ጠርዙ ደረቅ ደረቅ ማለት ይጀምራል። ማክሰኞ የፍርፍር ቀን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ረቡዕ አዲስ እንጀራ ይገባል፣ ቀኑም ጾም ስለሆነ ምስርና ጎመን ይሠራል። በዚህ መንገድ ሳምንቱ እንዲህ ይሆናል፦

ሰኞ፣ ምንቸት አብሽ
ማክሰኞ፣ ፍርፍር
ረቡዕ፣ ምስር ወጥና ጎመን
ሐሙስ፣ ፓስታ በሱጎ
ዓርብ፣ ሽሮ

ቅዳሜን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቅዳሜ ፍሪጁ ውስጥ የተረፈው ይበላል፣ ካልተረፈም ጥብስ ይጠበሳል።

ረቡዕንና ዓርብን የማይጾም ቤት ቀኖቹን ቢለዋውጥ ምንም አይጓደልበትም፤ ማክሰኞ ፍርፍር መሆኑ ብቻ ይጠበቅ። በዓቢይ ጾም፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾም የሰኞው ሥጋ ወጥቶ አተር ክክ አልጫ ይገባል፣ ሱጎውም በካሮትና በድንች ይሠራል፣ የማክሰኞው ፍርፍርም ያለ ቅቤ ይሆናል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምስሩ ላይ ቅቤ ጣል ማድረግ ይቻላል።

እንጀራውን አንዴ ጋግሩ፣ አንዴ ግዙ

ሥራ እየዋሉ በሳምንት ሁለቴ መጋገር አይሆንም። ሞክረው ያልደከሙ ካሉ አላየሁም። ቅዳሜ ጠዋት መጋገር፣ ረቡዕ ማታ ደግሞ ከሰፈር መግዛት ከሁሉም የተሻለ ሚዛን ነው።

ለቅዳሜ የሚሆነው ሊጥ ረቡዕ ማታ ይቦካል። የጤፉን ዱቄት በእርሾ አሽታችሁ አቡኩ፣ ውሃ አድርጋችሁ ክደኑና ተዉት። ቅዳሜ ጠዋት ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ድፉ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆን እርሾ በዚህ ጊዜ አስቀሩ፤ አብሲቱ ከመጣሉ በፊት ማስቀረትን ብዙ ሰው ይረሳዋልና ባዶውን የእርሾ ዕቃ ማታውኑ ቡሀቃው አጠገብ አስቀምጡት። ከዚያ ከሊጡ ሁለት ጭልፋ ያህል ውሰዱና በፈላ ውሃ እያማሰላችሁ ቀጠን ያለ ገንፎ እስኪመስል አብስሉት። ጣት እስኪያስችል ሲበርድ ወደ ሊጡ መልሱት፣ በውሃ አቅጥኑት። ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከሌላ ምድጃ ጋር አንድ ላይ አትለኩሱ፤ ብሬከሩ ይወርድና ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። የወጣውን እንጀራ ሰፌድ ላይ በደንብ አብርዱ። ትኩሱን በትኩሱ ላይ መደራረብ ያጣብቀዋል፣ የሚሻግተውም በዚያ እርጥበት ነው።

እሁድ ጠዋት፣ ገበያ

በአዲስ አበባ በየክፍለ ከተማው የሚቆመው የእሁድ ገበያ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሽንኩርቱም፣ እንቁላሉም፣ ዘይቱም አንድ ቦታ ይገኛል። 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ እፍኝ የሚሞላ ዝንጅብል፣ 2 ኪሎ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ሦስት እስር የሐበሻ ጎመን፣ እንቁላል። ሥጋ 1 ኪሎ አስፈጩና ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ለሰኞ ፍሪጅ ውስጥ፣ ግማሹ ለሐሙስ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ።

ሽንኩርት ስትመርጡ አንገቱን ተጫኑት። ለስለስ ያለና እርጥብ ከሆነ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል። ለቁሌት መካከለኛ መጠን ያለው፣ ልጣጩ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ይሻላል። ዋጋው በተሰቀለበት ሳምንት 2 ኪሎ ይበቃል፤ በዚያ ሳምንት ፓስታውን በቲማቲም ብቻ ሥሩት።

ጎመኑን አትጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ረቡዕ ድረስ አይጠወልግም፤ ታጥቦ የተቀመጠ ግን ይላሽቃል።

እሁድ ከሰዓት፣ ቁሌቱ

ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ እጅ የሚይዘው የመጀመሪያው ሰዓት ነው፣ እሱም ቤተሰቡ ከተጋገዘ ይቀንሳል። አንዱ ሽንኩርት ይላጥ፣ አንዱ ይክተፍ፣ ልጆቹ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ፣ የረቡዕንም ምስር ይልቀሙ። ባሎች ሽንኩርት ሲከትፉ እንባቸው መፍሰሱ ማንንም አልጎዳም።

ሽንኩርቱን ብሌንደር ውስጥ ከመክተት በእጅ መክተፍ ወይም በእጅ የሚዞር መክተፊያ መጠቀም ይሻላል። ብሌንደር ውሃ ያደርገዋል፤ ያን ውሃ ለማድረቅ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ምድጃ አጠገብ መቆም ይመጣል፣ ጣዕሙም ጥሬ ጥሬ ይላል። ደቀቅ ተደርጎ ከተከተፈ ቁሌቱ ላይ ይሟሟል።

ቤት ውስጥ ያለውን ወፍራም ድስት ጣዱ። ቂጡ የሳሳ ድስት ለዚህ አይሆንም፣ ያሳርራል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ክደኑት። ክዳኑን ስታነሱ ድስቱ ውስጥ ብዙ ውሃ ታያላችሁ፤ ከሽንኩርቱ የወጣ ነው። አሁን ሳትከድኑ በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ ያን ውሃ አድርቁት። መጀመሪያ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ቆይቶ ሽታው ይለወጥና ጣፈጥ ይላል፣ ድምፁም ከመንተክተክ ወደ መንጨርጨር ይሄዳል። ማማሰያውን በድስቱ ቂጥ ላይ ስትጎትቱት የተተወው መንገድ ወዲያው ካልተዘጋ ሽንኩርቱ ደርሷል። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ጥሬ ሽንኩርት የሚል ወጥ ይበላል።

ሁለት ብርጭቆ ዘይት ጨምሩ። ሽንኩርቱ ወርቃማ እስኪመስል ሌላ 10 ደቂቃ አቁላሉት። የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራችሁ ለ5 ደቂቃ ያህል አማስሉ።

አሁን ሩቡን ቀንሳችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። ይህ ነጩ ቁሌት ነው፤ ለጎመኑ፣ ለፓስታው፣ በርበሬ ለማይችለው ትንሽ ልጅም የሚሆነው።

በቀረው ላይ አንድ ብርጭቆ ተኩል በርበሬ ይገባል። ልጆቹ ገና የማይለምዱ ከሆነ አንድ ብርጭቆ በቂ ነው። በርበሬው ከመግባቱ በፊት እሳቱን ቀንሱ፣ ሙቅ ውሃም በአጠገባችሁ ይኑር። በርበሬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ በቅቤም በመከለሻም አይመለስም፣ ይመራል። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃውን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ሲደርቅ እንደገና ጨምሩ። ይህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀጥላል። ቀይነቱ ጠቆር ሲል፣ ዘይቱም ተለይቶ ከላይ ሲንሳፈፍ በስሏል።

ቅቤ አይግባበት። ጨውም፣ መከለሻም አይግባ። ሦስቱም በየቀኑ በየድስቱ የሚገቡ ናቸው። ቁሌቱ በዘይት ብቻ ከተሠራ ለረቡዕም ለሰኞም ይሆናል፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ከገባበት ግን ዓርብ ሽሮ ለመሥራት ሌላ ሽንኩርት መላጥ ነው።

ሲበስል ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ገልብጡት፣ ቶሎ እንዲበርድ። ከምድጃ ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። የሰኞው አንድ ብርጭቆ ተኩል፣ የማክሰኞው አንድ፣ የረቡዕ አንድ ተኩል ቀይ ቁሌት ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የዓርቡን አንድ ብርጭቆ ቀይና የሐሙሱን ነጭ ቁሌት በትናንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ጠፍጥፉና ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ጠፍጣፋ ሆኖ የቀዘቀዘ ቶሎ ይቀልጣል። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ነጭ ለረቡዕ ጎመን ፍሪጅ ውስጥ ይቅር።

ባለሙያ እናቶች ቁሌት በፍሪዘር መቀመጡን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ሳይነገራቸው ምስሩን የቀመሱት ግን እስካሁን አላወቁም።

ሰኞ፣ ምንቸት አብሽ

የተፈጨውን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ደረቅ ድስት ላይ አድርጋችሁ እየበተናችሁ ውሃውን አድርቁ። አንድ ብርጭቆ ተኩል ቁሌት ጨምሩና አብራችሁ ለ5 ደቂቃ አቁላሉ፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ። በመለስተኛ እሳት 20 ደቂቃ። ሊወርድ ሲል ጨው፣ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ቁንጥር ኮረሪማና መከለሻ። በሌላ ምድጃ ለያንዳንዱ ሰው አንድ እንቁላል ይቀቀል። እንቁላሉ እስኪቀቀል የልጆቹ የቤት ሥራ ይታያል፤ በእኛ ቤት የቤት ሥራ የሚሠራው ምድጃው አጠገብ ነው፣ ጠያቂውም መላሹም አንድ ቦታ ስለሚሆኑ።

ማክሰኞ፣ ፍርፍር

ይህ የሳምንቱ ቀላሉ እራት ነው፣ 15 ደቂቃ። አንድ ብርጭቆ ቁሌት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ጨው፣ ቅቤ አብራችሁ አፍሉ። ቋንጣ ካለ ቀድሞ በዚያ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቀቀል። ድስቱን ካወረዳችሁ በኋላ ነው እንጀራው የሚገባው፤ እሳት ላይ እያለ ከገባ ይላቁጣል። የተቆራረሰውን እንጀራ ከታች ወደ ላይ እያገላበጣችሁ ለውሱ፣ ሁለት ደቂቃ ክደኑት። አብዝታችሁ ሥሩ፤ ለማይጾመው ልጅ የረቡዕ ጠዋት ቁርስ ይሆናል፣ ምሳ ዕቃ ውስጥም ይገባል። የተረፈ ደረቅ እንጀራ ካለ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን።

ረቡዕ፣ ምስርና ጎመን

ከሥራ ስትመለሱ አዲሱን እንጀራ ግዙ። ዓይኑ በደንብ የወጣ፣ ሲጠቀለል የማይሰነጠቅ መሆኑን እዩ። ሻጯን ደንበኛ ካደረጋችኋት በስልክ ታስቀምጥላችኋለች።

ሁለት ድስት አንድ ላይ ይጣዳል። በአንዱ አንድ ብርጭቆ ተኩል ቁሌት ይሙቅና 5 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይጨመርበት፤ ሲፈላ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ የጠራ ምስር ክክ ይግባ። ቀዝቃዛ ውሃ አታድርጉ፣ ያዘገየዋል። ጨው መጨረሻ ላይ። በሌላው ድስት ወፍራሙ ግንዱ የወጣለት፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ የተከተፈ ጎመን በጥቂት ውሃ ይቀቀል፤ ሲለሰልስ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ቁሌት፣ ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምሩ። ምስሩ ቢተርፍ ደስ ይበላችሁ፤ በነጋታው ይበልጥ ይጣፍጣል።

ሐሙስ ማታ ግን ሁሉም ደክሟል። ፓስታ። ነጩን ቁሌት ከተከተፈ ቲማቲም፣ ከአንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከተፋቀ ካሮትና ከጠዋት ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ከቀለጠው ሥጋ ጋር ለ25 ደቂቃ አብስሉት። አንድም ልጅ አያማርርም።

ዓርብ፣ ሽሮ

አንዱን ብርጭቆ ቁሌት ድስት ውስጥ አሙቁና 4 ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ አፍሉ። አንድ ብርጭቆ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ደረቁን የሚነሰንሱ ባለሙያዎች አሉ፣ እጁ ያልለመደ ሰው ግን ይጓጉልበታል። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ገርበብ አድርጉትና ተክ ተክ እያለ 20 ደቂቃ ይቆይ። በልጅ አጠገብ ሳይከደን አትተዉት፣ ሲፈናጠር ያቃጥላል። ከጎኑ ቲማቲም በቃሪያ።

ምሳ ዕቃ፣ መብራትና ውሃ

ልጆቹ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ወይም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ከሆነ በአዲስ አበባ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ምሳ ይዘው ለሚሄዱት ግን እራት ከመቅረቡ በፊት የነገውን ምሳ ቀንሱ፤ ከተበላ በኋላ ይቀራል ማለት ከንቱ ተስፋ ነው። ምድጃ ላይ ያደረ ወጥ ለልጅ አትቋጥሩ። ማታውኑ ፍሪጅ ይግባ፣ ጠዋት እስኪፈላ ይሙቅ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘሩ ጎደሎ ከሆነ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ክተቱበት። ሲሊንደር ያለው ቤት በዚያ ቀን ማንኛውንም እራት ይሠራል። በከሰል የምትሠሩ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ባይታይም እንኳ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጎመን የሚታጠበው ውሃው በመጣበት ቀን ነው። ያ ቀን ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ማታ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁና አስቀምጡ፤ ለአንድ ሌሊት ምንም አይሆንም።

እንግዳ ቢመጣ

ሳይደውል የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። ለዚያ ከእሁዱ ቁሌት አንድ ትርፍ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ይኑር። በበረዶነቱ ሞቅ ያለ መጥበሻ ላይ ይቀልጣል፤ አምስት ስድስት እንቁላል ይሰበርበታል፣ ወይም ጾም ከሆነ ሽሮ ይሠራበታል። ቡናው ሳይፈላ ምግቡ ይቀርባል።

ለዶሮ ግን ይህን ቁሌት አትንኩት። ዶሮ ወጥ የራሱ ሽንኩርት፣ የራሱ በርበሬ፣ ከመጀመሪያው የገባ ቅቤም ይፈልጋል፤ እሱ የበዓል ሥራ ነው፣ በሥራ ቀን አይሞከርም።